የመጀመሪያዎን ሞተር ሳይክል ያለ ብድር ለመግዛት፦ ከቁጠባው እስከ ቁልፉ

ብርዱ ወይም ረጅሙ ዝናብ አልፎ መንገዱ ደረቅ ሲል፣ ሞተር ሳይክል የመግዛት ሐሳብ በልቡ ይዞ የከረመ ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ይነሣል። ለወራት ተሸፍነው የቆዩ ሞተሮች ይወጣሉ፣ ድምፃቸው ጠዋትና ማታ ይሰማል፣ የሚሸጥ ሞተር ያለውም ሰው ፎቶግራፍ አንሥቶ ማስታወቂያ ያወጣል። ይህ ሰሞን ለማየት ደስ የሚል ቢሆንም ለመግዛት ግን ከዓመቱ ሁሉ የማይመቸው ነው፤ ምክንያቱም ፈላጊው ስለሚበዛ ዋጋው ይወጣል፣ ሻጩም ለመቀነስም ሆነ መካኒክ ይዞ የሚመጣን ገዥ ለመጠበቅ ትዕግሥት አይኖረውም። ወቅቱ ሊዘጋ ሲቃረብ ነገሩ ይለወጣል፤ ማቆያ ቦታ የሌለው፣ የመድንና የእድሳት ወጪውን ለሌላ ዓመት መሸከም የማይፈልግ ወይም ወደ ሌላ ሞተር ለመሸጋገር የወሰነ ባለቤት በዋጋ ለመስማማት ዝግጁ ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ ገንዘቡ ገና በእጁ ላልሞላ ሰው የሞተር ወቅት መግባት የቁጠባና የትምህርት መጀመሪያ ቢሆን ይሻላል ብዬ አምናለሁ፤ ወቅቱ ሲገባ ቁጠባው ይጀመራል፣ በመካከሉ ሥልጠናውና የመከላከያ ልብሱ ይሟላል፣ ወቅቱ ሲያበቃ ሞተሩ ይገዛል።

የሚቆጠበው ምን ያህል ነው?

እኔ የመጀመሪያ ሞተሬን የገዛሁት በእጄ የነበረውን ገንዘብ በሙሉ ለሻጩ ቆጥሬ በመስጠት ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ሞተሩን ሳጥብ የኋላ ጎማው ጎን በቀጫጭን ስንጥቆች የተሞላ መሆኑን አየሁ፤ ጣቴን ሳሳልፍበት እንደ ደረቀ ቆዳ ይሻክር ነበር። አዲስ ጎማ የምገዛበት ገንዘብ ስላልነበረኝ ሞተሩ ስድስት ሳምንት በሸራ ተሸፍኖ ቆመ፤ ስጠብቀው ከነበረው ወቅትም ብዙው በዚያው አለፈ። ከዚያ ወዲህ ሞተር ለመግዛት ያሰበ ሰው ሲያማክረኝ የሞተሩን ዋጋ ከመጠየቄ በፊት፣ ሞተሩ ከተገዛ በኋላ በእጁ ምን ያህል እንደሚቀረው እጠይቀዋለሁ።

የቁጠባው ግብ መታሰብ ያለበት ሞተሩን፣ ነጂውንና የመጀመሪያዎቹን ወራት በአንድነት ይዞ ነው። ጠቅላላውን ግብ እንደ መቶ ቢወስዱት፣ ለመካከለኛ ያገለገለ ሞተር እኔ የምመክረው ክፍፍል ከመቶው 65ቱ ለሞተሩ፣ 15ቱ ለሄልሜት፣ ለጃኬት፣ ለጓንትና ለጫማ፣ 10ሩ ለሥልጠና፣ ለመንጃ ፈቃድ፣ ለስም ማዛወሪያና ለመድን፣ የቀረው 10 ደግሞ ከግዢው በኋላ ወዲያው ለሚያስፈልገው ጥገና እንዲውል ነው። ይህ ክፍፍል የማይነካ ሕግ አይደለም። የሚገዛው ሞተር ይበልጥ ርካሽ በሆነ መጠን የልብሱ ድርሻ ከፍ ማለቱ የማይቀር ነው፤ የጥሩ ሄልሜት ዋጋ ከሞተሩ ዋጋ ጋር አብሮ አይወርድምና። የሞተሩ ዕድሜ በገፋ ቁጥርም የጥገናው ድርሻ ከ10 ወደ 15 ቢያድግ አይገርምም።

ግቡን በቁጥር ለማስቀመጥ የሚረዳው መንገድ የሚፈልጉትን አንድ ወይም ሁለት ሞዴል መርጦ፣ ቢያንስ ዐሥር የሽያጭ ዋጋዎችን ከነሞዴል ዓመታቸውና ከተነዱት ኪሎሜትር ጋር ለጥቂት ሳምንታት በደብተር መመዝገብ ነው። ከዝርዝሩ እጅግ ርካሽ የሆነውን እንደ መነሻ አይውሰዱ፤ እንዲህ ያለው ሞተር ብዙ ጊዜ ወረቀቱ ያልተሟላ፣ የተጋጨ ወይም ትልቅ ጥገና የሚጠብቀው ይሆናል። ዋጋዎቹን ከትንሽ ወደ ትልቅ ደርድረው መካከል ላይ ያለውን ይያዙ፤ መድን ድርጅት ደውለውም የዚያን ሞዴል ዓመታዊ ክፍያ ይጠይቁ፤ ምክንያቱም ለአዲስ ነጂ የሚጠየቀው ክፍያ ከሞተሩ ጉልበት፣ ከነጂው ዕድሜና ከልምዱ ጋር በእጅጉ ስለሚለያይ፣ አንዳንድ ጊዜ የሞዴል ምርጫውን እንኳ ሊያስቀይር ይችላል።

ሞተሩ ሳይገዛ ወጪውን መክፈል

ከቁጠባ ምክሮች ሁሉ እጅግ ጠቅሞ ያገኘሁት፣ ሞተሩ ገና ሳይገዛ የመንዳት ወጪውን በየወሩ ለራስ መክፈል ነው። አሠራሩን በምሳሌ ላሳይ። ከቤት ወደ ሥራ ደርሶ መልስ በቀን 20 ኪሎሜትር የሚጓዝ ሰው በወር 22 ቀን ቢሠራ 440 ኪሎሜትር ይነዳል። አንድ የ125 ሲሲ ሞተር ሳይክል በመቶ ኪሎሜትር ሁለት ሊትር ተኩል ገደማ ነዳጅ ቢፈጅ፣ ወርኃዊ ፍጆታው 11 ሊትር ነው። የሞተር ዘይቱ በየ3,000 ኪሎሜትሩ ቢቀየር በየሰባት ወሩ አንድ ጊዜ ይደርሳል፤ የዚህ ዓይነቱ ትንሽ ሞተር የሚይዘውም ዘይት አንድ ሊትር ያህል ስለሆነ ወጪው ቀላል ነው። ጎማ፣ የፍሬን ሸራ፣ ሰንሰለትና ባትሪ በየወሩ ገንዘብ ባይጠይቁም ሲያልቁ በአንድ ጊዜ ስለሚጠይቁ፣ የእያንዳንዱን ዋጋ ያገለግላል ተብሎ በሚታሰበው የወር ብዛት አካፍሎ ድርሻውን በየወሩ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። በዚህ ላይ የዓመቱን መድንና የምዝገባ እድሳት ለ12 አካፍለው ሲጨምሩበት፣ ሞተሩ በየወሩ የሚጠይቅዎ እውነተኛ ገንዘብ ይወጣል።

እንግዲህ በየወሩ ሁለት ገንዘብ ያስቀምጣሉ፤ አንዱ ለመግዣው፣ ሌላው ሞተሩ ቢኖርዎ ይከፍሉት የነበረው የመንዳት ወጪ ነው። ሁለቱንም ከዕለት ወጪዎ በተለየ የባንክ ሒሳብ፣ ደመወዝ በገባበት ቀን ያስተላልፉ፤ ባንክዎ ማስተላለፉን በራሱ የሚያደርግልዎ ከሆነ ደግሞ ይበልጥ ይቀላል። በወሩ መጨረሻ የተረፈውን እቆጥባለሁ የሚል ሰው የሚተርፈው እንደማይኖር ሁላችንም ከኑሮ እናውቀዋለን። ሦስት ወር ሁለቱንም ክፍያዎች ሳያቋርጡ ከከፈሉ፣ ሞተሩን ማስተዳደር እንደሚችሉ በእርግጠኝነት ያውቃሉ፤ ለመንዳት ያስቀመጡትም ገንዘብ ለመጀመሪያው ጥገና የሚሆን መጠባበቂያ ሆኖ ይቆይዎታል። በሁለተኛው ወር ቢያቅትዎ ደግሞ፣ ያሰቡት ሞተር ለአሁኑ ገቢዎ የከበደ መሆኑን ያለ ዕዳና ያለ ጸጸት ዐወቁ ማለት ነው።

የወሩ መጠን የሚወጣው በተራ ሒሳብ ነው። ጠቅላላው ግብ 100 ሆኖ 16 ያህሉ አስቀድሞ በእጅዎ ካለና ወቅቱ እስኪዘጋ 7 ወር ከቀረ፣ በወር 12 ማስቀመጥ ይኖርብዎታል፤ ይህ ከአቅም በላይ ከሆነና ግዢውን በ12 ወር ካደረጉት ግን በወር 7 ይበቃል፣ መግዣው ግን ከወቅቱ መዝጊያ ያልፋል። በዚህን ጊዜ የሚመረጠው ቀኑን ማራዘም፣ አነስ ያለ ወይም ዕድሜው ትንሽ የገፋ ሞተር መምረጥ፣ ወይም የማይጠቀሙበትን ዕቃ ሸጦ መነሻውን ማሳደግ ነው። ከሄልሜቱና ከጥገናው ድርሻ ላይ ግን መቀነስ አይገባም። ዋጋ ቶሎ ቶሎ በሚለዋወጥበት ጊዜ ግቡን በየሦስት ወሩ እንደገና መመርመርና፣ የማይበላሹትን እንደ ጃኬትና ጓንት ያሉ ዕቃዎች አስቀድሞ መግዛት ተገቢ ነው።

ስለ ብድር አንድ ነገር ልበል። ሻጩ የሚነግርዎ ወርኃዊ ክፍያ ትንሽ መስሎ ሊታይ ይችላል፤ ወለዱ እንዴት እንደሚሰላ ሳይጠይቁ ግን አይፈርሙ። የሞተሩ ዋጋ 100 ቢሆንና 20ውን በቅድሚያ ከፍለው 80ውን ለሁለት ዓመት በ12 በመቶ ቢበደሩ፣ ወለዱም በመነሻው ብድር ላይ የሚታሰብ ቢሆን፣ በየዓመቱ 9.6፣ በሁለቱ ዓመት 19.2 ወለድ ይከፍላሉ፤ ሞተሩም በ119.2 ይደርስዎታል። ዕዳዎ በየወሩ እየቀነሰ ሳለ ወለዱ እንደ መጀመሪያው ቀን በ80 ላይ ስለሚቆጠር፣ እውነተኛው የወለድ መጠን በዓመት ከ21 በመቶ በላይ ነው። ከላይ ባየነው ክፍፍል የሞተሩ ድርሻ 65 ስለሆነ፣ ይህ ወለድ በዚያ ስሌት 12.5 ያህል ይሆናል፤ ለጥገና ከያዝነው 10 ይበልጣል ማለት ነው። ሞተሩ ገቢ የሚያስገኝ የሥራ መሣሪያ ካልሆነ በቀር መታገሡ ይሻላል።

ሄልሜቱ ይቅደም

ገንዘቡ እየሞላ ሲሄድ በመጀመሪያ የሚገዛው ዕቃ ሄልሜት ነው። የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝነው ኮክሬን የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጣው ግምገማ፣ ሄልሜት በአደጋ ጊዜ የነጂን የመሞት ዕድል በ42 በመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን ደግሞ በ69 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ ደምድሟል። በሞተር ሳይክል ላይ በሚወጣ ገንዘብ ይህን ያህል ሕይወት የሚያተርፍ ሌላ ዕቃ አላውቅም።

ሄልሜት ሲመርጡ የደረጃ ምልክቱን ይመልከቱ። በአውሮፓ የሚሠራበት ደረጃ ኢሲኢ 22 ሲሆን አዲሱ እትም 22.06 ይባላል፤ ከአገጭ ማሰሪያው ላይ በተሰፋ ጨርቅ ላይ በክብ ውስጥ ኢ የሚለው የላቲን ፊደል ከቁጥር ጋር ታትሞ ይገኛል፣ የማረጋገጫው ቁጥርም በ06 ይጀምራል። የአሜሪካው ደረጃ ዶት ይባላል። ከዚያም ልኩን ይፈትሹ። ትክክለኛ ልክ ያለው ሄልሜት ሲጠለቅ ጉንጭን በሁለቱም በኩል ወደ ውስጥ ጫን ያደርጋል፤ ግንባር ላይ ግን እንደ ጠጠር የሚወጋ ነጥብ ሊኖረው አይገባም። አስረውት ጭንቅላትዎን ሳያንቀሳቅሱ ሄልሜቱን በሁለት እጅ ወደ ግራና ቀኝ ሲያዞሩት፣ የጉንጭዎ ቆዳ አብሮት መንቀሳቀስ አለበት፤ ሄልሜቱ ብቻውን ከዞረ ሰፍቶዎታል። ቀጥሎም ከኋላ ጠርዙ ይዘው ወደ ፊት ለመግፈፍ ይሞክሩ፤ ከወለቀ ሌላ ይምረጡ። ይህን ሁሉ ካለፈ ሩብ ሰዓት ያህል አድርገውት ይቆዩ፤ ምቾት የማይሰጥ ሄልሜት ውሎ አድሮ በመስቀያ ላይ ይቀራልና።

ያገለገለ ሞተር መግዛት ብልህነት ነው፤ ያገለገለ ሄልሜት ግን አይግዙ። ከጠንካራው ቅርፊት ሥር ያለው አረፋ መሰል ሽፋን ግጭትን የሚቀበለው በመጨፍለቅ ነው፤ አንድ ጊዜ ከተጨፈለቀም አይመለስም፤ ከውጭ በኩልም ምንም ምልክት ላይታይ ይችላል። ሄልሜቶችን የሚፈትሸው የአሜሪካው ስኔል ፋውንዴሽን ያልተጋጨ ሄልሜት እንኳ በየአምስት ዓመቱ እንዲቀየር ይመክራል። ጃኬት፣ ጓንትና ቁርጭምጭሚትን የሚሸፍን ጫማ ካልተቀደዱና ስፌታቸው ካልላላ ከሌላ ሰው ቢገዙ ይቻላል፤ የአውሮፓ ደረጃ የተለጠፈባቸው የሞተር ልብሶች ከሦስት ኤ (AAA) እስከ ሲ (C) ባሉ እርከኖች ይመደባሉ፤ ሦስት ኤ የበረታው ነው።

ሥልጠናው የቁጠባው አካል ነው

በሳውዘርን ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በሃሪ ኸርት መሪነት ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ1981 የታተመው ጥናት በሎስ አንጀለስ አካባቢ የደረሱ 900 የሞተር ሳይክል አደጋዎችን በዝርዝር መርምሯል። ከአደጋው ነጂዎች 92 በመቶው በመደበኛ ሥልጠና ያላለፉ፣ በራሳቸው ወይም ከቤተሰብና ከጓደኛ የተማሩ ነበሩ። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ደግሞ አደጋው በደረሰበት ሞተር ላይ የነበራቸው ልምድ ከአምስት ወር ያነሰ ነበር፤ በጠቅላላው ግን ሦስት ዓመት ያህል የነዱ ነበሩ። ከሌላ ተሽከርካሪ ጋር በደረሱት ግጭቶች ከሦስቱ በሁለቱ ጥፋቱ ለሞተሩ ቅድሚያ ያልሰጠው የሌላው ተሽከርካሪ ነጂ ነበር። ጥናቱ አሮጌ ቢሆንም ለአዲስ ገዥ የሚሰጠው ትምህርት ዛሬም ይሠራል፤ ልምድ ያለው ሰው እንኳ ለማያውቀው ሞተር እንግዳ ነው፣ መንገድ ላይ ያለው ባለመኪናም አያይዎትም ብሎ መንዳት ይገባል።

ስለዚህ ሥልጠናውን ሞተሩ እስኪገዛ አያቆዩት። ማሠልጠኛዎች አብዛኛውን ጊዜ የራሳቸው ሞተር ስላላቸው፣ ፍሪሲዮን መልቀቅን፣ በዝግታ መዞርንና የፊትና የኋላ ፍሬንን አስተባብሮ መያዝን በሰው ሞተር ተምረው ይጨርሳሉ፤ ሞተር የመጣል ዕድል የሚበዛውም በእነዚያ የመጀመሪያ ቀናት ነው። ሌላም ጥቅም አለው፤ ለሁለት ሳምንት ከተለማመዱ በኋላ ቁመትዎና ክንድዎ ከየትኛው ዓይነት ሞተር ጋር እንደሚስማማ ያውቃሉ፤ አንዳንድ ሰው ደግሞ ሞተር መንዳት እንደማይወድ ያኔውኑ ይረዳና ቁጠባውን ለሌላ ጉዳይ ያውለዋል።

የትኛው ሞተር?

ለመጀመሪያ ሞተር ከ125 እስከ 250 ሲሲ ያለው በቂ ነው፤ ክብደቱ ቀላል ስለሆነ በእግርዎ ደግፈው ያቆሙታል፣ ነዳጅና ጎማ አይበላም፣ ሲሸጥም ገዥ አያጣም። ከጉልበት ይልቅ የመለዋወጫውን መገኘት ያስቀድሙ። ሆንዳ ሱፐር ከብ የተባለችው ትንሽ ሞተር እ.ኤ.አ. በ1958 ተጀምራ በ2017 የተመረተው ቁጥሯ 100 ሚሊዮን ደርሷል፤ እንዲህ በብዛት የተሠራ ሞዴል በየትም ጋራዥ የሚያውቀው መካኒክና በየመደብሩ መለዋወጫ አያጣም። በአካባቢዎ በብዛት የሚነዳውን ዓይነት ቆጥረው ያንኑ ቢመርጡ፣ ብርቅዬ ሞዴል ይዞ አንድ የፍሬን ሸራ ለወራት ከመጠበቅ ይድናሉ።

ገንዘቡ ከፈቀደ ፍሬን ሲያዝ ጎማው ታስሮ እንዳይንሸራተት የሚያደርገው ኤቢኤስ ያለውን ይምረጡ። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ከ125 ሲሲ በላይ በሆኑ አዳዲስ ሞዴሎች ላይ ግዴታ ያደረገው በከንቱ አይደለም፤ አዲስ ነጂ ደንግጦ ፍሬን ሲጨብጥ የፊት ጎማው ከታሰረ ሞተሩ በቅጽበት ይወድቃል።

ያገለገለውን ሞተር መመርመር

ገንዘቡ ሞልቶ ወቅቱም ሊዘጋ ሲቃረብ ሞተር ለማየት ይሂዱ። ለሻጩ አስቀድመው ደውለው ሞተሩን እንዳያስነሣው ይጠይቁት፤ ሲደርሱም መጀመሪያ እጅዎን ወደ ሲሊንደሩ ያስጠጉ። ሞቆ ከጠበቀዎት፣ ሲቀዘቅዝ ለመነሣት የሚያስቸግር ሞተር ሊሆን ስለሚችል ቀዝቅዞ እስኪያዩት ይጠብቁ ወይም ሌላ ቀን ይመለሱ። በብርሃን ይሂዱ፤ ምሽትና ዝናብ ጉድለትን ይሸፍናሉ።

ከወረቀቱ ይጀምሩ። ከመሪው ሥር፣ ሻንሲው ላይ የተቀረጸው የመለያ ቁጥር በአብዛኛው 17 ፊደላትና ቁጥሮች አሉት፤ እነዚህን አንድ በአንድ እያነበቡ በባለቤትነት ደብተሩ ላይ ካለው ጋር ያመሳክሩ። ቁጥሩ የተፋቀ፣ በቀለም የተድበሰበሰ ወይም የፊደላቱ መስመር የተዛባ ከሆነ ዋጋው ምንም ያህል ቢያባብል ይተዉት። የሚሸጥልዎ ሰው ባለቤቱ ራሱ መሆኑን፣ ዕዳ ወይም እገዳ አለመኖሩንም መዝጋቢው መሥሪያ ቤት ሄደው ያረጋግጡ።

ከዚያ ወደ ጎማው ዝቅ ይበሉ። በጎኑ ላይ ዶት ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ አራት አኃዝ አለ፤ 2319 ቢል ጎማው የተሠራው እ.ኤ.አ. በ2019 ዓመት በ23ኛው ሳምንት ነው ማለት ነው። የጥርሱ ጥልቀት ጥሩ መስሎ ዕድሜው የገፋ ጎማ ብዙ ጊዜ ያጋጥማል፤ የእኔም እንዲያ ነበር። ጎማዎቹ መቀየር ካለባቸው ዋጋቸውን ከሻጩ ጥያቄ ላይ እንዲቀነስ ያድርጉ።

ሰንሰለቱን ከኋለኛው ጥርሳም ክብ ጀርባ በጣትዎ ይዘው ወደ ኋላ ይሳቡት። ከጥርሱ ተነሥቶ የጥርሱ ግማሽ ያህል ከታየ ሰንሰለቱ አልቋል፤ ጥርሶቹም እንደ ማዕበል ወደ አንድ ወገን ከተቆለመሙ ሰንሰለቱና ሁለቱም ክቦች በአንድነት ይቀየራሉ። በመካከለኛው መቆሚያ ላይ አቁመው፣ ወይም ሰው ከኋላ ተጭኖ፣ የፊት ጎማው ከመሬት ሲነሣ መሪውን በሁለት ጣት ብቻ ከዳር እስከ ዳር በቀስታ ያዙሩት፤ ልክ መካከሉ ላይ ሲደርስ እንደ ጉድጓድ ገባ ካለ የመሪው ኩሽኔታ ተበልቷል። የፊት እግሮቹን የሚያብረቀርቅ ብረት በጨርቅ ጠርገው ሞተሩን ጥቂት ጊዜ ወደ ታች ይጫኑትና እንደገና ይመልከቱ፤ የዘይት ቀለበት ከታየ የዘይት መከላከያ ጎማው ያፈስሳል፤ ዘይቱ ወደ ፍሬኑ ከወረደ ደግሞ አደገኛ ነው። የፊት ፍሬኑን አጥብቀው ሲይዙ እጀታው እንደ ስፖንጅ የሚለሰልስ ከሆነ አየር ገብቷል ወይም የፍሬን ዘይቱ አርጅቷል።

አሁን ሞተሩን ያስነሡት። ጭሱ ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየተቃጠለ ነው፤ ጥቁር ከሆነ ነዳጁ ከአየሩ በዝቷል፤ በቀዝቃዛ ጠዋት የሚታየውና ወዲያው የሚጠፋው ነጭ እንፋሎት ግን አያስጨንቅም። በሚኒሞ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይሰጠው፣ ሲሠራ ሳይጠፋና ሳይዘል መቆየት አለበት። የቮልት መለኪያ ካለዎት ባትሪው ሞተሩ ሳይነሣ 12.6 ቮልት ያህል፣ ሞተሩ ተነሥቶ ነዳጅ ሲሰጠው ደግሞ ከ13.5 እስከ 14.5 ቮልት ማሳየት ይገባዋል፤ ካልጨመረ ኃይል መሙያው ተበላሽቷል፣ ይህም ቀላል ወጪ አይደለም። በመጨረሻ የነዳጅ ታንከሩን ክዳን ከፍተው በባትሪ ብርሃን ውስጡን ለዝገት ይመልከቱ።

ያገኙትን ጉድለት ሁሉ ከነማስጠገኛ ዋጋው በደብተርዎ ላይ ጽፈው ድምሩን ለሻጩ ያሳዩት፤ በስሜት ከመከራከር ይልቅ ይህ ዝርዝር ዋጋ ያስቀንሳል። የሻንሲው ቀለም በመጋጠሚያዎቹ ላይ ከተሰነጠቀ ወይም አዲስ ብየዳ ከታየ ግን ድርድር አይጀምሩ፤ ሌላ ሞተር ይኖራል። ራስዎ ያልተማመኑ እንደሆነ ለመካኒክ የግማሽ ቀን ዋጋውን ከፍለው ይዘው ቢሄዱ ገንዘቡን ብዙ ጊዜ በዚያው ቀን ይመልሰዋል።

ከግዢው በኋላ

ሞተሩ በስምዎ ከተዛወረ በኋላ በመጀመሪያው ሳምንት፣ ሻጩ ቀይሬዋለሁ ቢልም እንኳ፣ የሞተር ዘይቱን፣ ካንዴላውንና የፍሬን ዘይቱን ያስቀይሩ፣ የአየር ማጣሪያውን ያስጸዱ፣ ሰንሰለቱን ያስቀቡ፤ ለዚህ ነበር ከመቶው 10 የተያዘው። የጎማውን ንፋስ ሞተሩ ሳይነዳ፣ ጎማው ቀዝቅዞ ሳለ፣ በመመሪያው መጽሐፍ ወይም ከሰንሰለት መሸፈኛው አጠገብ በተለጠፈው ወረቀት ላይ በተጻፈው መጠን ይሙሉ። ሰንሰለቱን ደግሞ በየ500 እስከ 1,000 ኪሎሜትሩ፣ ዝናብ ላይ ከነዱም ወዲያው በነገታው ይቅቡት።

ወቅቱ ተዘግቶ ስለሚሆን ሞተሩ ሥራ የሚፈታባቸው ሳምንታት ይኖራሉ፤ ታንከሩን ሞልተው ያቁሙት፣ ባትሪውን በየወሩ ያስሞሉ፣ ደረቅ ቀን ሲገኝም ባዶ ሜዳ ላይ ፍሬን መያዝን ይለማመዱ። ወደ ባንክ የሚያስተላልፉትን ወርኃዊ ገንዘብ በተመለከተ፣ ለመግዣው የነበረውን ቢያቆሙም ለመንዳት የነበረውን ሳያቋርጡ ይቀጥሉ፤ ነዳጁንም፣ ቀጣዩን ጎማም፣ የዓመቱን መድንም የሚከፍለው ያ ሒሳብ ነው። ዋጋዎቹን ሲመዘግቡበት የነበረውን ደብተር ገልብጠው በአዲስ ገጽ ላይ የግዢውን ቀን፣ የኪሎሜትር ቆጣሪውን ንባብና ዘይቱ የተቀየረበትን ቀን ይጻፉ፤ ሞተሩ አንድ ቀን በተራው ሲሸጥ ገዥው የሚጠይቅዎ ያንን ገጽ ነውና።